ከደቅ የሚመጣው ነፋስ በአንድ መስመር

እናትዓለም የፕሮግራመሩን የይትባረክን አርባ ሦስት መስመር ኮድ አትማ፣ ደረጃውን ወርዳ ወደ ጀልባ ትኬት መስኮቱ ሄደች። ይትባረክ ተከተላት። ትኬት ቆራጯ ባንቺአየሁ ያልገባትን ፕሮግራም እናትዓለም አታሳልፍም።

እንዲህ ያለ ሰው ከየትም መሥሪያ ቤት አይጠፋም። ከሁሉም በላይ ያውቃል፤ ግን እንዳልገባው ሆኖ ይኖራል። የጀልባ ማኅበሩ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ፣ ክብርት እናትዓለም፣ «ይህን ሁሉ እኔ ለምን አውቃለሁ?» እያለች ያልመለሰችው ሥራ የለም። የክፍሉ ሌላዋ ፕሮግራመር ሊድያ አንድ ቀን «ተጠቃሚው አሥራ አንድ ነገር ይሞላል» ብላ ስትጀምር እናትዓለም ቦርሳዋን አንጠልጥላ ለምሳ ወጣች።

ይትባረክ ቸኩሏል። ፕሮግራሙ ደቅ ደሴት ከተተከለው መለኪያ የነፋሱን ፍጥነት በኔትወርክ አንብቦ፣ ጀልባ ይነሳ ወይስ ይቅር የሚለውን እንዲወስን ለትኬት ክፍሉ ያሳያል። ሥራ የሚጀምረው ዛሬ በዘጠኝ ሰዓቷ ጀልባ ነው። በእሷ ደግሞ እናቱ እማሆይ ወለተ ሩፋኤል ወደ ደቅ ይሄዳሉ።

«አንብብላት» አለችው እናትዓለም።

«መስመር ክፈት። የመጣውን ተቀበል። ቁጥሩን አሳይ።»

ባንቺአየሁ ትኬት መቅደዷን አላቆመችም። «የመጣው ግማሹ ቢሆንስ?»

«እንዴት ግማሽ ይሆናል፣ እትዬ ባንቺ?»

«ደቅ ስደውል ስልኩ ይቆራረጥብኛል። ለዚያ ነው እዚያ ያለው ዘበኛ የነፋሱን ነግሮኝ ሲያበቃ ‹ጨረስሁ› የሚለኝ። ካላለኝ ጀልባ አላስነሳም። ያንተው ምን ይላል?»

ይትባረክ ትኬት መስኮቱ ላይ ያለውን ስክሪን አየ። በሰዓት 4 ኪሎሜትር ይላል። ከመስኮቱ ውጭ የታሰሩት ጀልባዎች እርስ በርስ ይላተማሉ። ኮዱ መጀመሪያ የደረሰውን ቁራጭ ይዞ ነበር ያሳየው። ቀሪውን እንዲጠብቅ አደረገው። 42 ሆነ።

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «እንኳን አላሳለፍሽው» አላት እናትዓለምን።

«ውኃ ጠጣና እንሥራ።»

መስመር መክፈቱን፣ ቁርጥራጩን መሰብሰቡን፣ «ጨረስሁ» እስኪባል መጠበቁን አንድ ቦታ ከተው ዘጉበት። ለሌላው ሰው የተረፈው አንድ መስመር ነው፦ ነፋስ_አንብብ("ደቅ")። ወይ ሙሉውን ቁጥር ይሰጣል፣ ወይ «አልደረሰም» ይላል።

ባንቺአየሁ አነበበችው። «ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«ታዲያ ያ ሁሉ ወረቀት ምን ነበር?»

ይትባረክ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ኮዱን ማንም ሳያዘው አትሞ ይወርዳል። እናትዓለም ፈቃድ ስትወጣም እስክትመለስ ቀኑን ይቆጥራል፤ ለምን እንደሆነ ግን ለማንም አልተናገረም።

የዘጠኝ ሰዓቷ ጀልባ ያን ቀን አልተነሳችም። እማሆይ ወለተ ሩፋኤል በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ሄዱ፤ ነፋሱ ስድስት ኪሎሜትር ነበር።