ክብርት ላጲስ ወራሽ

የሒሳብ ትምህርት ክፍል ባለበት ሁሉ የተማሪ ላጲስ የምትወርስ አንዲት መምህርት አለች። የለችም የሚለኝ ሰው ሒሳብ የተማረው ሳይሳሳት ነው ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ እስካሁን አልገጠመኝም።

የእኛዋ ክብርት ላጲስ ወራሽ የጥናት ድጋፍ ክፍሉ ኃላፊ ነበሩ። ክፍሉ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ ቀጥሎ ነው። እሳቸው በሩ አጠገብ የብስኩት ቆርቆሮ ይዘው ይቀመጣሉ። ትምህርቱ ከብዶት የመጣ ተማሪ መጀመሪያ ላጲሱን ያስረክባል። ስሙ በእስክሪብቶ ይጻፍባትና ቆርቆሮው ውስጥ ትገባለች፤ የምትመለስለት ሲመረቅ ነው።

«ሰርዝ እንጂ አታጥፋ!» ይላሉ። «በአንድ መስመር፣ እንዲነበብ አድርገህ። የት እንደሳትክ ካላየሁ በምን ልወቅልህ?»

ማዕረግ አይተው አይምሩም። አንዴ ሴሚናር ላይ አንድ እንግዳ ፕሮፌሰር ሰሌዳው ላይ የጻፉትን መስመር በመዳፋቸው ጠረግ አደረጉት። ወዲያው ከኋላ ወንበር የክብርትነታቸው ድምፅ መጣ።

«ፕሮፌሰር፣ ምን ነበር የጠፋው?»

«ስህተት ነው፤ ይተዉት።»

«እኛ እኮ የመጣነው ለእሱ ነው!»

የቀረው ሰዓት በጠፋው መስመር አለቀ። ፕሮፌሰሩ ላብ በላብ ሆነው ወጡ። ከዚያ ወዲህ በሴሚናር ቀን ዳስተሩ የሚገኘው በክብርትነታቸው ቦርሳ ውስጥ ነው።

እኔ ያን ጊዜ ካልኩለስን ሁለቴ ወድቄ ሦስተኛውን ፈተና እየጠበቅሁ ነበር። አሁንም ከወደቅሁ ከዩኒቨርሲቲው መሰናበቴ ነው። ላጲሴን ያስረከብኩት እየሰሰትኩ ነው፤ ደብተሬ ሰው ፊት የሚቀርበው በእሷ ነበራ። በአንድ ወር ውስጥ ገጹ ሁሉ ሰረዝ በሰረዝ ሆነ። እሳቸው ግን መነጽራቸውን ገፋ አድርገው ገለጥ ገለጥ አደረጉና ሳቁ።

«አየህ ልጄ፣ አንተ ብዙ ስህተት የለህም። አንድ ነው ያለህ። ቅንፍ ስትፈታ የመቀነስ ምልክቷን ትጥላታለህ። ያቺኑ አንድ ስህተት ደጋግመህ በላጲስ ስታጠፋ ነው የኖርከው።»

ፈተናው ላይ ትልቁን ጥያቄ ሠራሁና መልሱ አላምር ሲለኝ ሰረዝኩት። ሌላ መንገድ ሞከርኩ፤ የትም አላደረሰኝም። አሥር ደቂቃ ሲቀር ተስፋ ቆርጬ የሰረዝኩትን ባነበው፣ ቅንፉ ጋ ያቺው የመቀነስ ምልክት የለችም። መለስኳት። ለጥቂት አለፍኩ።

የተመረቅኩ ቀን ካባዬን እንደለበስኩ ላጲሴን ልወስድ ሄድኩ። ቆርቆሮው ተገለበጠ፤ የሁሉም ሰው አለ፣ የእኔ የለም። ክብርትነታቸው ሲያፍሩ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። መሳቢያቸውን ሳብ አድርገው አወጧት። አልቃ ጥፍር ታህል ነበር።

«ማን ጨረሳት?»

«እኔ ነኝ። አንተ ስትፈተን እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ፣ ምናልባት ቢወድቅ ብዬ ለዲኑ ማመልከቻ ስጽፍልህ ዋልኩ። በእርሳስ ነው። አንዱም ቃል አልበቃ አለኝ።»

«ምን ብለው ነበር የጻፉት?»

«አጥፍቼዋለሁ እኮ ልጄ፤ አሁን በምን ልወቀው?»

እንዴት እንደወደድኳቸው እኔ ነኝ የማውቀው። ላጲሷ ዛሬም ኪሴ ውስጥ ናት፤ አንድም ቀን አጥፍቼባት አላውቅም።