ጣት የምታህል ቀዳዳ በእንግሊዝኛ ምን እንደምትባል

ሰኞ ኅዳር ፲፪ ቀን ፳፻፲፭ ዓ.ም.፣ ከጧቱ አራት ሰዓት ላይ፣ በካርቱም ዐማራት ሰፈር የኢትዮጵያውያን መረዳጃ ማኅበር ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ፣ ከአምስት አባላቱ አራቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቶ ተከፈተ።

የተገኙ፦ አቶ ገዛኸኝ፣ ሰብሳቢ፣ የቀድሞ የእንግሊዝኛ መምህር፤ አቶ ወልደሥላሴ፣ በሱቅ ዐረቢ ገበያ ልብስ ሰፊ፤ ወይዘሮ ፍቅርተማርያም፣ በኦምዱርማን የቋንጣ ነጋዴ፤ ጀምበሬ፣ ጸሐፊ።
ባለጉዳይ፦ ወይዘሮ ዝናሽ።

አጀንዳ ፩። ወይዘሮ ዝናሽ፣ ከሐፍላ፣ ማለትም ከሚኒባስ፣ ሲወርዱ በሩ ይዞባቸው ኢቃማቸው፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዳቸው፣ ጣት በምታህል መጠን ስለ ተቀደደ፣ ነገ ጧት በመተማ በኩል ወደ ልጃቸው ሠርግ የሚሳፈሩ በመሆናቸውና ያለ ወረቀት ኬላ ስለማያልፉ፣ የፈቃድ ሰጪው ቢሮ በስምንት ሰዓት ሳይዘጋ ምትኩን ያገኙ ዘንድ፣ የእንግሊዝኛው ቅጽ «ጉዳቱ እንዴት ደረሰ?» ለሚለው መልስ እንዲጻፍላቸው ለመኑ።

ሰብሳቢው «ቴር»፣ ማለትም መቀደድ፣ ይጻፍ አሉ። አቶ ወልደሥላሴ፣ በኃይል የተተረተረ ነገር «ሪፕ» እንደሚባል ለአንድ እንግሊዛዊ ሱሪ ሲያጠብቡ መማራቸውን ጠቅሰው፣ «መምህር፣ እርስዎ ቃሉን እንጂ መቼ ጨርቁን ያዙ?» ሲሉ ተቃወሙ። ወይዘሮ ፍቅርተማርያም «ሽሬድ» ካልተጻፈ እንደማይፈርሙ አስታውቀው፣ «ስንት በሬ የዘለዘልኩ ሴት፣ ዝልዝልን እኔ ላጣው?» አሉ።

አጀንዳ ፪። ኮሚቴው ክርክርን ሁሉ በተግባር ማሳያ የመፍታት የቆየ ልማድ ስላለው፣ ከረጅም ውይይት በኋላ የሦስቱ ግሶች ልዩነት በወረቀት ላይ እንዲታይ ተወሰነ። የቃለ ጉባኤው ደብተር የማኅበሩ ንብረት በመሆኑ እንዳይነካ ስለ ተከለከለ፣ ቀድሞውኑ የተጎዳው ኢቃማ ተመረጠ። ወይዘሮ ዝናሽ «ያ ረቢ! ኧረ እሱን ተዉልኝ!» ብለው ቢጮኹም፣ ድምፅ የመስጠት መብት እንደሌላቸው በትሕትና ተነገራቸው። ሰብሳቢው ከላይ እስከ ታች ቀደዱት፤ አቶ ወልደሥላሴ በእጥፋቱ ተረተሩት፤ ወይዘሮ ፍቅርተማርያም የተረፈውን ዘለዘሉት። ማሳያው እጅግ ግልጽ ሆኖ በመገኘቱ፣ ሦስቱም ግሶች በቅጹ ላይ እንዲሰፍሩ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ይሁን እንጂ ጸሐፊው ቅጹን እስከ ግርጌው ቢያነብ «ሆን ተብሎ ለተጎዳ ወረቀት ምትክ አይሰጥም» የሚል ተገኘ።

አጀንዳ ፫። ኮሚቴው ከአጭር ውይይት በኋላ፣ የዛሬው ውሳኔ ሁሉ እንዲሻር፣ ስብሰባውም ከነጭራሹ እንዳልተደረገ እንዲቆጠር ወሰነ።

ወይዘሮ ዝናሽ ቁርጥራጩን በሻሻቸው ጫፍ ቋጥረው ሲያበቁ «ካልተሰበሰባችሁ፣ ማን ቀደደው ልበል?» ብለው ጠየቁ።

ሰብሳቢው ባልተደረገ ስብሰባ ላይ ጥያቄ መቀበል እንደማይቻል አስረዱ፤ ኮሚቴውም ልክ በስምንት ሰዓት ተነሣ።