ሃያ አራት ድንጋይ ለአንድ አውሮፕላን

እንደማታምኑኝ አውቃለሁ። ሚስቴ እንኳ አላመነችኝም፤ እሷ ደግሞ እኔን ለማግባት ያመነች ሰው ናት። ከዋሸሁ ግን ምላሴ ላንቃዬ ላይ እንደ አገሬ እንደ ቱም ጭቃ ይጣበቅ፤ ሀ ሁ ያልቆጠርኩት እኔ የአውሮፕላን ባትሪ ቀይሬያለሁ። እሺ፣ ሲቀየር ክዳኑን ይዣለሁ። ያው ነው።

አጎቴ አድማሱ ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ሦስት ክረምት አልፎ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጡ የዓይን ሐኪሞች ሚዛን ከተማ ሆነው ሞራ ያነሳሉ የሚል ወሬ ሰማን። ወሬው እኛ ጋ ሲደርስ ግን የሐኪሞቹ የመጨረሻ ቀን ሆኗል። በመኪና እንዳንሄድ ክረምት ነው፤ በዚያ መንገድ ብንነሳ የምንደርሰው ሐኪሞቹ ጡረታ ሲወጡ ነው። ደግነቱ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ቱም ሜዳ ላይ መድኃኒት አራግፋ ባዶዋን ወደ ሚዛን ልትመለስ ነው። ካፒቴኑን ለመንነው፤ ግቡ አለን።

አጎቴ ለሐኪሙ የያዙትን ማር በቅል ታቅፈው ገቡ፤ ቀበቶ ታሰረላቸው። ካፒቴኑ ቁልፉን አዞረ። አውሮፕላኗ "ጢቅ" አለች። ደገመው። እሷም ደገመችው።

"ባትሪው ሞቷል" አለ ካፒቴኑ።

"ነፍስ ይማር! የማን ልጅ ነበር?" አሉ አጎቴ ከኋላ።

ወርደው ጥላ ሥር እንዲቀመጡ ብንለምናቸው እምቢ አሉ። ወርጄ ቦታዬን ማን ይይዝልኛል? የቴፒ አውቶቡስ ያመለጠኝ እንዲህ ስወርድ ነው፣ ብለው ቀበቶውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ።

ካፒቴኑ ወደ ሕዝቡ ወጣና ባለ ሃያ አራት ባትሪ ይገኝ እንደሆነ ጠየቀ። እስቲ ንገሩኝ፣ እኛ አገር ባትሪ ምንድን ነው? ሲመሽ እባብ እንዳትረግጡ የምታበሩት ነዋ! ሆዱ ውስጥ የሚገባው ድንጋይ ነው የሚባል። ሕዝቡ ወደየቤቱ ሮጦ ባትሪ ባትሪውን ይዞ መጣ። ፀሐይ ፍንትው ብላ ሳለ ሠላሳ ሰው ባትሪ አብርቶ አውሮፕላን ከቦ ቆመ። ካፒቴኑ ሳንቲም የጠፋበት መስሏቸው ጎማው ሥር የሚያበሩም ነበሩ።

እኔ እንደነሱ ሞኝ ነኝ እንዴ? ሃያ አራት ያላትን ሰምቻለሁ። ከጅማ መጥተው ሱቅ ከከፈቱት ከሐጂ ኑሩ ሁለት ደርዘን ድንጋይ ወስጄ በላስቲክ ጥፍር አድርጌ አስሬ አቀረብኩ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ከተባለ፣ ድንጋይ ቢያብር አውሮፕላን አያስነሳም? ካፒቴኑ ድንጋዮቹን አየ፤ እኔን አየኝ። ያልኩት ሃያ አራት ቮልት ነው፣ ቮልት ማለት ጉልበቱ ነው እንጂ ቁጥሩ አይደለም፣ አለ።

ይኼኔ ሐጂ ኑሩ ሱቃቸው የተናቀ መሰላቸውና የመኪናቸውን ባትሪ አስነቅለው፣ አሸክመው መጡ።

"ሐጂ፣ ይሄ አሥራ ሁለት ነው። ግማሽ ነው" አላቸው ካፒቴኑ።

"ታዲያ ግማሽ መንገድ ያድርሳቸዋ!"

"ግማሽ መንገዱ እኮ ሰማይ ላይ ነው፣ ሐጂ!"

ሐጂ ሽቅብ ወደ ሰማይ አዩና ባትሪያቸውን መልሰው አሸከሙ።

ሁለት ብናጋጥምስ? አልኩ። ካፒቴኑ ራሱን ነቀነቀ። የአውሮፕላን ባትሪ እንደ ሙሽራ ነው አለ፤ ቁመቱ፣ ክብደቱ፣ ጠባዩ ተጠይቆ ነው ቤት የሚገባ። ከበደ እንደሆነ አውሮፕላኗን ሚዛን ያስታታል፣ አሲዱ ከፈሰሰ ሆድ ዕቃዋን ይበላል። አንድ ሽማግሌ ደግሞ የሞተውን ፀሐይ ላይ አስጡት፣ ካልሆነም በጥርስ ነከስ ነከስ አድርጉት፣ የኔ ሬዲዮ ድንጋይ ነፍስ የሚዘራው እንደዚያ ነው፣ አሉ።

በመሀል አጎቴ ከውስጥ ቀስ ብለው ጠሩኝ። "ልጄ፣ ሐኪሞቹ ሄደው ይሆን?" አሉ። ወደ ካፒቴኑ ሮጥኩ።

ለካ ካፒቴኑ በእጅ ሬዲዮው ሚዛንን ሲጣራ ኖሯል። ቀትር ሲያልፍ ሌላ አውሮፕላን መጣች። ሰውና ጆንያ ጢም ብላ ስለነበር እኛን የምታስቀምጥበት የላትም፤ ልኩን ባትሪ አቀብላን መንገዷን ቀጠለች።

ካፒቴኑ ሥራውን ሲሠራ አስረዳኝ። ሲፈታ ጥቁሩ ሽቦ ቀድሞ ይወጣል፤ ሲታሰር ጥቁሩ መጨረሻ ይገባል። በለኛ ጥቁሩ እኔ ነኝ፣ ከሥራ ቀድሞ ወጪ፣ መጨረሻ ገቢ! አልኩት። ስቆ ክዳኑን አስያዘኝ።

ቁልፉ ዞረ። ሞተሩ አገሩን አናጋው! ሠላሳው ሰው ባትሪውን እያውለበለበ ሸኘን።

ሚዛን ስንደርስ ሐኪሞቹ ዕቃቸውን እየሸከፉ ነበር። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አንድ ሰው ብቻ! አልኳቸው። እሺ ብለው አጎቴን አስገቧቸው፤ ለሳቸው ሲሉም አንድ ቀን ጨመሩ። በማግስቱ ፋሻው ተፈታ። እኔ በር ላይ ቆሜ የማላውቀውን ጸሎት ሁሉ እያነበነብኩ ነው። ሐኪሙ ከኪሱ ጣት የምታህል ባትሪ አወጣና ዓይናቸው ላይ አበራ።

"አባባ፣ የሚታይዎት ነገር አለ?"

አጎቴ ጨፈን ገለጥ አደረጉ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። ከዚያ የሐኪሙን እጅ ለቀም አድርገው ጮኹ፦

"አንተ! ለካ ባትሪው አንተ ጋ ነው! ቱም ሙሉ ሕዝብ ሲፈልገው ዋለ እኮ!"