አባቴ በስሙ የተጠራበት ዕለት

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። እኔን የሚገርመኝ መልአኩ ያን ያህል አስቦ ያወጣውን ስም ኋላ ማን ይጠራዋል የሚለው ነው። በእኛ አገር፣ በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባለው ደጋ፣ ያገባን ወንድ ስም ጎረቤት ይጠራዋል፤ ዳኛ ይጠራዋል፤ የተጣላው ሰው ሳይቀር ከነአባቱ እየጠራ ይረግመዋል። አንድ ሰው ብቻ አይጠራውም። ሚስቱ።

እንዳትሳሳቱ፣ ነገሩ ፍርሃት አይደለም። ፍርሃት የሚመስለው ከሩቅ ለሚያየው ነው። የቦረና ሴት (ቦረና ስላችሁ ወደ ደቡብ እንዳትሄዱብኝ፣ የወሎውን ቦረና ማለቴ ነው) ባሏን መቆጣት ስትጀምር የማዶ ጎረቤት ሥራውን አቁሞ ያዳምጣል። ስንፍናውን ትዘረዝራለች፤ ዘመዶቹን በየተራ ታነሣለች፤ በሬዎቹ እንኳ ከወቀሳዋ አያመልጡም። ስሙን ብቻ አትነካውም። ስም ክብር ነው፤ ክብር ደግሞ ጠብ በሚበረታበት ሰዓት ነው ይበልጥ የሚጠበቀው። እናንተ ከተሜዎቹ ይህን ጭቆና ትሉት ይሆናል። በሉት፣ አልጣላችሁም።

ሴት አያቴ ባሏን ዕድሜ ልኳን በስማቸው ጠርታቸው አታውቅም። ስትፈልጋቸው ትስላለች። አጠር ያለው ሳል ምሳ ደርሷል ማለት ነው፤ ረዘም ያለው፣ ጫፉ ላይ ጉሮሮ መጥረግ ያለበት፣ እንግዳ መጥቷል ማለት ነው። ጉዳዩ በሳል የማይነገር ሲሆን ፊቷን ወደ ምሰሶው ታዞርና «ምሰሶው፣ በሬው የሰው ማሳ ገብቷልኮ» ትላለች። ምሰሶው ባለበት ይቆማል፤ ወንድ አያቴ ዱላቸውን ይዘው ይወጣሉ። አንድ ክረምት የምር ጉንፋን ይዟት ሰነበተችና እሳቸው ከማሳ ቤት፣ ከቤት ማሳ ሲመላለሱ እግራቸው ቀጠነ ይባላል።

እናቴ ዘሀራ ግን ዘመናዊ ነበረች። ሳሉን ተወችው፤ ምሰሶውንም አላስቸገረችውም። እሷ ስም መጥራት ጀመረች፤ የእኔን ስም። የበኩር ልጇ ነኝ፤ ስሜ ሰይድ ነው። አባቴን ስትፈልግ «ኧረ ሰይድ!» ትላለች። እኔንም ስትፈልግ «ኧረ ሰይድ!» ትላለች። የድምፅ ልዩነት አለው ይሉኛል፤ እኔ ግን ልዩነቱን ሳለይ አደግሁ። ስለዚህ በተጠራ ቁጥር እኔም «አቤት!» እላለሁ፣ አባቴም «አቤት!» ይላል፤ እየሮጥን መጥተን በር ላይ እንጋጫለን። ከዚያ እናቴ የፈለገችውን አስቀርታ የተረፈውን ትመልሳለች።

ደርግ ሲመጣ ብዙ ነገር ተለወጠ። መሬቱ ባለቤት ለወጠ፤ ጌታዬ ይባል የነበረው ሁሉ ጓድ ተባለ፤ ስብሰባ የሚሉት ነገር ከእርሻ በላይ ጊዜ የሚበላ ሥራ ሆነ። እኔም አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ አስተማሪ ሆንሁና ከሰዓት በኋላ ለእናቶች መሠረተ ትምህርት አስተምር ጀመር። እናቴም ከፊት ወንበር ትቀመጣለች። አንድ ቀን «የባላችሁን ስም ጻፉ» አልኋቸው። ጻፉ፤ ዓይን የሚገባ ጽሑፍ። «አሁን አንብቡ» ስላቸው ሁሉም ደብተራቸው ላይ አቀረቀሩ። አንዲት እናት ራራችልኝና «መምህር፣ ጽፈነው የለ፤ አንተው አንብበው» አለችኝ። ይህን የሰማ አንድ ካድሬ መጥቶ ነገሩ የፊውዳል ሥርዓት ርዝራዥ መሆኑን፣ ባልን በስሙ መጥራትም የሴቶች እኩልነት የመጀመሪያው እርምጃ መሆኑን ሲያስረዳ ዋለ። ሴቶቹ በጥሞና ሰሙት። አጨበጨቡለት። ከዚያ ቤታቸው ገብተው እንደ ልማዳቸው ሳል አደረጉ።

ኋላ ያ ክፉ ዓመት መጣ። ዝናቡ ቀረ፤ ጎተራው ተራቆተ። ስለዚያ ዓመት ብዙ አላወራም፤ የወሎ ሰው ስለዚያ ዓመት ብዙ አያወራም። ሰፈራ የሚባል ነገር ተነሣና የጭነት መኪናዎች እየመጡ ሰዉን ወደማያውቀው ቆላ ይወስዱት ጀመር። ወዶ የሚሄድ ነበር፤ ሳይጠየቅ የሚሄድም ነበር። በአንድ የገበያ ቀን አባቴ ጨው ሊገዛ ወጣ። ገበያው ተከበበና እዚያ የተገኘው ወንድ ሁሉ ከእህል መጋዘን ገባ። መጋዘኑ እህል አልነበረበትምና ለሰው ሰፊ ነበር።

ይህን እንዲያስፈጽም የተላከው ሰው ከሌላ አገር የመጣ ወጣት ካድሬ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የታዘዘ ሰው ነበር። ቤት ያለው ይቀራል፣ ቤት የሌለው ይሄዳል የሚል ትእዛዝ ይዟል፤ ቤት ያለውን ከሌለው የሚለይበት ዘዴ ግን አልሰጡትም። በጠዋት «ዘመድ ይመስክር» ብሎ ነበር። የወሎን ሰው ስለማያውቅ ነው እንጂ እንዲህ አይልም ነበር። ጎረቤታችን የመሪጌታው ባለቤት እትዬ የሺ፣ መስቀላቸውን በአንገታቸው እንዳንጠለጠሉ፣ «የናቴ ልጅ ነው» እያሉ መሐመድን አስወጡ፣ አሕመድን አስወጡ፣ ኑርዬን አስወጡ። ሁሴን የሚባለው «ወንድማቸው» ላይ ሲደርሱ ካድሬው ነቃ። ደንቡንም ለወጠ። ከእንግዲህ የምትመሰክረው ሚስት ናት፤ በሩ እንደተዘጋ፣ ሳይተያዩ፣ ባሏን በስሙ ትጥራ፤ አቤት ብሎ የወጣ ይዛው ትሂድ። ሚስት የባሏን ስም አትስትም አለ። እውነቱን ነው፣ አትስትም።

ልጁ ነኝ ብዬ ብቀርብ አልተቀበለኝም። ሮጬ ሄጄ እናቴን አመጣኋት። መንገድ ላይ ደንቡን ስነግራት «ሌላ ሰው አይጠራልኝም?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። አይሆንም አልኋት። ስንደርስ የመኪናው ሞተር ተነሥቶ ነበር። አንዴ ከተጫነ ተጫነ ነው፤ የት እንደሚያወርዱት፣ መቼ እንደሚመለስ፣ ይመለስም እንደሆነ የሚነግረን ሰው አልነበረም።

ከበሩ ፊት የሴቶች ሰልፍ አለ። እንደዚያ ያለ ሰልፍ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም፤ ሁሉም ወደ ኋላ መሆን ይፈልጋል። «አንቺ ቅደሚ»፣ «ኧረ በአላህ፣ አንቺ ቅደሚ» ይባባላሉ። አንዷ እንደምንም ደፍራ ቀረበችና «የቤቴ አባት!» ብላ ተጣራች። ከውስጥ ያለው ወንድ ሁሉ በአንድ ድምፅ «አቤት!» አለ። ካድሬው «ስም! ስም!» ብሎ ጮኸ፤ ሴትዮዋም ዓይኗ እንባ ሞልቶ ወደ ሰልፉ ጭራ ተመለሰች። እንዲህ አንዷ ከአንዷ ኋላ ስትሸሽ እናቴ ከፊት ቀረች።

እትዬ የሺ ክንዷን ያዝ አደረጉና «በይ ዘሀራ፣ ጥሪው እህቴ። ለዛሬ አላህም እንዳልሰማ ይሆንልሻል» አሏት።

እናቴ ሻሿን ጠበቅ አደረገች፤ ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ያህል ጠጋ አለች።

«ይመር!» አለች። «ይመር እንድሪስ!»

ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። እኔ ያን ስም ከእሷ አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ደነገጥሁ። ቀጥሎ ደግሞ፣ ምን እደብቃችኋለሁ፣ ኮራሁ። ዕድሜዋን ሙሉ ከሰው ጆሮ ስትጠብቀው የኖረችውን ነገር ለባለቤቱ ስትል አደባባይ አወጣችው፤ ድምፅዋም ቅንጣት አልተንቀጠቀጠም። የእናቴን ጉብዝና የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን ገና አለማወቄን አወቅሁ።

ከውስጥ መልስ የለም። ደግማ ጠራች። አሁንም የለም።

ውስጥ የሆነውን የሰማነው በኋላ ነው። የታሰሩት ሰዎች አባቴን በክርናቸው እየጎሸሙ «ይመር፣ ተጠራህ እኮ!» ይሉታል። «እኔን አይደለም፤ ሌላ ይመር ይኖራል» ይላል እሱ። «እንድሪስስ? ሚስትህ ናት እንጂ!» ሲሉት ተቆጣ። «ድምፅ ይመሳሰላል። የእኔ ሚስት ጨዋ ናት፤ ስሜን አትጠራም። ወላሂ ይህን ነገር ብትደግሙት እንጣላለን» ብሏቸው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሰው ስለ ሚስቱ ክብር ብዙ ነገር ይሆናል፤ ስለ ሚስቱ ክብር መኪና ላይ ሊጫን የተዘጋጀ ግን ከአባቴ በቀር አላውቅም።

ካድሬው እጁን አወናጨፈና «የለም ማለት ነው። ቀጣይ!» አለ። እትዬ የሺ በእግዚአብሔርም በነቢዩም ስም ይለምኑት ጀመር። እሱ ግን ሾፌሩን በዓይኑ ይፈልግ ነበር።

እናቴ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ባሏን ታውቀዋለች። ለምን ዝም እንዳለ ገብቷታል። ደረቷን ሞላችና ዕለት ዕለት በቤታችን ደጃፍ ስትጣራ በኖረችበት ድምፅ፣

«ኧረ ሰይድ!» አለች።

«አቤት!» አለ አባቴ ከመጋዘኑ ውስጥ።

«አቤት!» አልሁ እኔም ከኋላዋ። ምን ላድርግ፣ ልማድ ነው።

በሩ ተከፈተና አባቴ ጨዉን በጋቢው ጫፍ እንደቋጠረ ወጣ። ካድሬው አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን ያያል። ይመር ሲባል የመጣ የለም፤ ሰይድ ሲባል ሁለት ሰው።

«ስምህ ማን ነው?» አለው።

«ይመር።»

«ታዲያ ስትጠራ ለምን ዝም አልህ?»

«ማን ጠራኝ?»

«ሰይድስ ማን ነው?»

«ልጄ ነው።»

«ሰይድ ሲባል ለምን አቤት አልህ?»

አባቴ ሰውየው በጤናው መሆኑን ተጠራጥሮ በትዕግሥት አስረዳው። «ሚስቴ ጠራችኛ!»

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። በዚያ ዓመት፣ በዚያ ቦታ ሰው ይስቃል ብሎ የሚያስብ አልነበረም። ካድሬው ቆቡን አውልቆ ፊቱን ሸፈነበት፤ እሱም የሳቀ ይመስለኛል። ከዚያ «እንደፈለጋችሁ ጥሩ!» አለ። ጠሩ! አንዷ የልጇን ስም ጠራች፤ አንዷ የጊደራቸውን። አንዲት ባልቴት ከበሩ ፊት ቆመው ሳል አደረጉ፤ አንድ ሽማግሌ «መጣሁ፣ መጣሁ» እያሉ ወጡ። ከውስጥ ያሉት ወንዶች አንዱ በሌላው ጥሪ አልተሳሳተም።

መኪናው ግን ባዶውን አልሄደም። ጠሪ የሌላቸው ተጭነው ሄዱ። ከእነሱ መሀል ሚስቱ ወግዲ ወይም ከዚያ ማዶ ሆና ወሬው ያልደረሳት ስንቱ ነበር?

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ከፊት፣ እናቴ ከኋላው፣ እኔ መጨረሻ ነበርን። እሷ ያፈረች መስሎኛል፤ እሱ የሆነውን ከሰው ሰምቶ እያብሰለሰለ ነው። ከተማው ካለቀ በኋላ፣ አቀበቱ ላይ፣ ወደ ኋላ ሳይዞር ጠየቃት።

«ለመሆኑ ስሜን ከነአባቴ እንዲህ አስተካክለሽ የት ለመድሽው?»

«የማልጠራዎት በአንቱ ፊት ነው እንጂ» አለች እናቴ። «በአላህ ፊትማ በየሶላቱ ስጠራዎት ነው የኖርሁ። ‹የሰይድን አባት ጠብቅልኝ› ልለው ኖሯል? ስንት የሰይድ አባት ባለበት አገር!»

አባቴ እርምጃውን ቀነስ አደረገና እስክትደርስበት ጠበቃት፤ የቀረውን መንገድ ጎን ለጎን ሄዱ። ባልና ሚስት በእኛ አገር እንዲያ አይሄዱም ነበር። እኔም ወደ ኋላ ቀረት አልሁላቸው።

ዛሬ ልጄ አግብቷል። ምራቴ ባሏን ከማድቤት ሆና በስሙ ትጠራዋለች፤ ታሳጥረዋለች፣ ታቆላምጠዋለች፣ ስትናደድ ደግሞ ከነአባቱ ትጠራዋለች፤ ያኔ የእኔም ስም አብሮ ይጠራል። እሱ «ወዬ» ይላል። ደስ ይለኛል። ስም ሊጠራ ነው የወጣው። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃት እልና እተወዋለሁ። ሰግዳ ስትጨርስ እጇን ዘርግታ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። እዚያስ ትጠራው ይሆን? አማት እንዲህ ያለውን አይጠይቅም። ብጠይቃትም የዘሀራ ቤት ምራት ናትና አትነግረኝም።