የባለ ነጭ ጢሙ ጉዳይ

የካራቴ ፊልም እንደኔ የሚወድ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። አዋሽ ሰባት ነው ያደግሁት። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ በነበረች የቆርቆሮ ቪዲዮ ቤት፣ በዚያ ሙቀት፣ መቶ ሰው ተጨናንቀን አንዱ የአንዱን ላብ እየጠረገ ያየነው ፊልም ቢቆጠር አያልቅም። ታዲያ ዛሬ፣ ጢሜ ውስጥ ሽበት መታየት በጀመረበት ዕድሜዬ፣ ከእነዚያ ሁሉ ፊልሞች የአንዱን እንኳ ታሪክ ንገረን ብትሉኝ አልችልም። አክተሩ ይመታል። ይመታል። ግድግዳ ይፈርሳል። አለቀ ስትሉ ሌላ ግድግዳ ይመጣል። ለምን እንደሚደባደቡ ጠይቄ አላውቅም። እናንተም አልጠየቃችሁም፤ አትዋሹኝ።

ያስገርመኝ የነበረው ሌላ ነገር ነው። አርባ ሰው አንዱን ይከብበዋል፤ ከዚያ አንድ በአንድ እየገባ ይመታል። የቀሩት ጡጫቸውን ጨብጠው ዙሪያውን እየተወዛወዙ ተራቸውን ይጠብቃሉ። እኔ የጂቡቲ መስመር ሹፌር ነኝ፤ በናፍጣ ሰልፍ ላይ ያደርኩባቸውን ቀናት ፈጣሪ ያውቃቸዋል፤ እንደዚህ ያለ ሥነ ሥርዓት ግን የትም ማደያ አይቼ አላውቅም። እኛ ብንሆን ኖሮ አርባችንም ባንዴ እንገባና አክተሩ በሁለት ደቂቃ ያልቅለት ነበር። ፊልሙም አጭር ይሆን ነበር።

ለምን ብዬ ሳልጠይቅ በሰላም ስመለከት ኖሬ፣ ሰላሜን የነሱኝ አንድ ሽማግሌ ናቸው።

ባዶ መኪና ይዤ ወደ ጂቡቲ ስወርድ አፋር ውስጥ፣ ገዋኔ ላይ የመኪናዬ ፍሪሲዮን ተቃጠለ። መካኒኩ ከመኪናው ሥር ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ዕቃው አዳማ እንጂ እዚህ እንደማይገኝ ነገረኝና ራሱ ሊያመጣው በአላፊ መኪና ተሳፈረ። እኔም ሽርጤን አገልድሜ ሰይድ ምግብ ቤት ተጎለትኩ። ሰይድ የኮምቦልቻ ሰው ነው፤ በቀልዱም በጥብሱም ሹፌር ሁሉ ይወደዋል። ዲሹን ንፋስ ስለጣለበት ቴሌቪዥኑ የሚያሳየው በፍላሽ ያለውን ብቻ ነበር። ፍላሹ ላይ ያለው ደግሞ አንድ የካራቴ ፊልም ነው። በቻይንኛ ነው የሚያወሩት፤ ከሥር የሚጻፍ ትርጉም የለውም።

"ሌላ የለህም?" አልኩት።

"ወላሂ የለኝም። አብሽር፣ ሲደጋገም ይጣፍጣል።"

ከዙሁር ሶላት በኋላ ሐጂ ሑመድ ገቡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢማቸውን በሒና ያቀሉ፣ ዱላቸውን በትከሻቸው ላይ ያጋደሙ አፋር ናቸው። ከገዋኔ እስከ ሰመራ ደም የተቃባ ሰው ሲኖር ለማስታረቅ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። እኔ ጎን ተቀምጠው ሻያቸውን ያዙና ቀና ሲሉ፣ ፊልሙ ውስጥ አንድ ባለ ነጭ ጢም ሽማግሌ አክተሩን አንስቶ በጣሪያ ላይ አሻግሮ ወረወረው።

"ምን አድርጎት ነው?" አሉኝ።

"ማን?"

"ልጁ። ሽማግሌው እንደዚህ የሚመታው ምን አድርጎት ነው?"

ቤቱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ያን ያህል ዘመን ሳይ ስኖር ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። "አላውቅም" ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን ወደብ የረገጠ ሹፌር ሁሉን ያውቃል ተብሎ ይታመናል፤ ይህን እምነት በኔ ዘመን እንዲፈርስ አልፈለግሁም።

"ውኃ ነው፣ ሐጂ" አልኩ። "የልጁ አባት የቆፈረውን ጉድጓድ ሽማግሌው ነጥቆት ነው።"

"ላ ኢላሃ ኢለላህ!" አሉና ዱላቸውን ከትከሻቸው አውርደው መሬት ላይ አጋደሙት። ሰይድ በጆሮዬ "ጉዳዩን ያዙት" አለኝ። ጉዳይ ሲይዙ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት።

ጥያቄው ወረደብኝ። ጉድጓዱ ምን ያህል ይጠልቃል? አባትየው በሕይወት አለ? ሲቆፍር ያየ ምስክር አለ? እኔም መለስኩ። መቼም ውሸት እንደ ቁልቁለት ነው የሚነዳው፤ ነዳጅ አይፈጅም። ቀይ የለበሰች ሴት መጥታ ሦስት ሰው በአንድ እርግጫ ስትጥል "ይቺስ?" አሉኝ። "እህቱ ናት" አልኩ፤ ተቆርቋሪነቷ የእህት መስሎኝ።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ ፋኖስ ተሰቀለ፤ ከበሮ ተመታ፤ አክተሩ እህቱን አገባት።

ብርጭቆ ያጥብ የነበረው ሰይድ እጁ ውኃ ውስጥ ቀረ። ከኋላ አንዱ "አስተግፊሩላህ!" አለ።

"የእናቱ ልጅ እኮ አይደለችም!" አልኩ ተጣድፌ። "የጡት እህቱ ናት፤ አብረው ነው የጠቡት።" ያዳንኩት መስሎኝ ነበር። ከአንድ ጡት የጠቡ ሰዎች በእስልምና ወንድምና እህት እንደሆኑና እንደማይጋቡ ያስታወስኩት የሐጂ እጅ ወደ ዱላው ሲሄድ ነው። "ጎረቤት! ጎረቤቱ ናት! በእነሱ ቋንቋ ለጎረቤትም ለእህትም የሚባለው ቃል አንድ ስለሆነ ተሳስቼ ነው!"

ሐጂ እጃቸውን ከዱላው መለሱ። "ቀስ ብለህ ተርጉም" አሉ። "በተርጓሚ ስህተት ሰው ሲሞት አይቻለሁ።"

በማግስቱ ሁለት ሽማግሌዎች ጨምረው መጡ። ሰይድ ከፊት ምንጣፍ አነጠፈላቸው። ወሬው ቀድሞ ስለተሰማ፣ ሌላ ጊዜ ገዋኔ ላይ ሳይቆም የሚያልፍ ሹፌር ሁሉ መኪናውን አቁሞ ገብቷል። ፊልሙ ከመጀመሪያው ተጀመረ። ባለ ነጭ ጢሙ ከማማ ላይ ዘሎ አየር ላይ ሲደርስ ሐጂ "አቁመው" አሉ፤ ሰይድ አቆመው። ሰውዬው እግሩን ዘርግቶ፣ ጢሙ ወደ ላይ ተበትኖ፣ ግማሽ ሰዓት ተንጠልጥሎ ቆየ። ሽማግሌዎቹ ከሥሩ ተቀምጠው መከሩበት። አንደኛው፣ ጉድጓዱ ከመቆፈሩ በፊት መሬቱ የማን ነበር የሚል ክርክር አመጣ። ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። እኔ ራሴ የፈጠርኩት ጉድጓድ የማን እንደሆነ ግራ ገባኝ።

በዚያ መሐል ሐጂ ያሉኝን አልረሳውም። አክተሩ ከባለ ነጭ ጢሙ አጃቢዎች አንዱን በደረጃ አንከባለለው። እኔ፣ እውነቱን ልናገር፣ ሳቅሁ።

"ይሄስ የማን ልጅ ነው?" አሉ።

"እሱ አጃቢ ነው፣ ሐጂ። ስም የለውም።"

"አጃቢ ከድንጋይ ነው የሚወለደው? እናቱ ስም ሳታወጣለት ቀረች?"

ከዚያ ወዲያ የወደቀውን ሁሉ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ሠላሳ አንድ ነበሩ። ፊልሙን እስከዚያ ስድስት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ሠላሳ አንድ ሰው መሞቱን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። አንዱ፣ በምሰሶ ተመትቶ የወደቀው፣ ከመውደቁ በፊት እጁን ወደ ሆዱ የሚወስደው ነገር አለ፤ ዛሬም ይታየኛል።

በሦስተኛው ቀን ብሩክ መጣ። ብሩክ ከቻይና መንገድ ሠሪዎች ጋር ሲሠራ የኖረ፣ ቋንቋቸውን አቀላጥፎ የሚናገር ሰው ነው። እንደ አጋጣሚ ፍርፍር ሊበላ ነበር የገባው። ሰይድ በደስታ "እነሆ ሌላ ተርጓሚ!" ብሎ ሲጮህ ወደ ሳህኔ አቀረቀርኩ።

ሐጂ ስክሪኑን በዱላቸው አሳዩት። "ምን ይላል?"

ብሩክ አዳመጠ። "'እገድልሃለሁ' ይላል።"

"ያኛውስ ምን መለሰ?"

"'የምገድልህ እኔ ነኝ' ይላል።"

"ስለ ጉድጓዱስ?"

"የምን ጉድጓድ?"

እኔ በዚህ ጊዜ የሰይድን ወለል ሲሚንቶ እያጠናሁ ነበር።

"ስለ ውኃ አያወሩም?"

"በጭራሽ። 'የእኔ ምት ከአንተ ምት ይበልጣል' ነው የሚባባሉት። እስካሁን ሌላ ነገር አልተናገሩም።"

ሐጂ በርኅራኄ አዩት። "ቋንቋውን ስንት ዓመት ተማርክ?"

"አልተማርኩም፤ አራት ዓመት አብሬያቸው ሠርቻለሁ።"

"አራት ዓመት ትንሽ ነው። ልጄ፣ 'የእኔ ምት ይበልጣል' ተባብሎ ሠላሳ አንድ ሰው አይሞትም። ከሥሩ ውኃ አለ፣ ወይ ግጦሽ አለ፣ ወይ የቆየ ደም አለ። ላይ ላዩን ነው የሰማኸው።"

ብሩክ ቢምል ማን ይስማው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰበት። ፍርፍሩን ሳይጨርስ ሲወጣ በሩ ላይ ዞሮ አየኝ፤ የዋሸሁት እኔ መሆኔን አውቋል። አንድ ቃል ብናገርለት ይበቃው ነበር። አልተናገርኩም። ምሳዬን በላሁ። በሕይወቴ ካፈርኩባቸው ምሳዎች አንዱ ነው።

ከሰዓት በኋላ ፍርድ ተሰጠ። ጉድጓዱ ለልጁ ይመለስ፤ ባለ ነጭ ጢሙ ግን ከብቶቹን ቀን እየለየ ያጠጣ። ለሠላሳ አንዱም ሰው፣ ስም ያለውም የሌለውም፣ የደም ካሳ ይከፈል። ከዚያ አርደው አብረው ይብሉ።

"ፍርዱን ማን ያደርስላቸዋል?" አለ አንዱ ሽማግሌ። ራስ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

"የቻይና መርከብ ጂቡቲ ይመጣል አይደል?" አሉ ሐጂ።

"ይመጣል።"

"በል እንግዲህ።"

መኪናዬ ተሠርታ ወረድኩ። ወደቡ ላይ ምን እንዳደረግሁ ከጠየቃችሁኝ፣ ከክሬን ሥር ቆሞ ለነበረ አንድ ቻይናዊ እጄን አወዛወዝኩለት። እሱም አወዛወዘልኝ። ይኸው ነው። ስመለስ ሐጂ መንገድ ዳር ቆመው ጠበቁኝ።

"አደረስክ?"

"አደረስኩ።"

"ተቀበሉ?"

ያ የተወዛወዘ እጅ መጣብኝ። "ተቀብለዋል።"

ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ቀጥሎ ባሉት ሁለት ወራት ከአዋሽ አርባ እስከ ሰመራ ስሜ ገነነ፤ "ቻይናዎቹን ያስታረቀው ሹፌር" ተባልኩ። ሰመራ ላይ የማላውቀው ሰው አቅፎ የግመል ወተት አጠጣኝ። ጠጣሁ፤ ምን ላድርግ? ጣፋጭ ነበር።

ከዚያ ሰይድ ሰመራ ደርሶ ፍላሹ ላይ አዲስ ፊልም አስጭኖ መጣ። ሁለተኛው ክፍል ነበር።

እኔ ሳላውቅ ምሳ ልበላ ገባሁ። ቤቱ ሙሉ ነው። የሐጂ ዱላ መሬት ላይ ተጋድሟል። ቴሌቪዥኑ ውስጥ አክተሩና ባለ ነጭ ጢሙ፣ ካለፈው በከፋ ሁኔታ፣ ከተማ ሙሉ በእሳት እየነደደ ይደባደባሉ።

"ታርቀዋል ብለኸን አልነበር?" አሉኝ።

ዙሪያውን አየሁ፤ ሁሉም የሚጠብቀው እኔን ነው። ከዚህ በላይ አልቻልኩም።

"ሐጂ፣ ይቅር በሉኝ። ቻይንኛ አላውቅም። ጉድጓዱን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ ጎረቤቷንም እኔ ነኝ። ጂቡቲም ያናገርኩት ሰው የለም። ያ ብሩክ ነበር ልክ። ደግሞም ፊልም ነው፤ ሰዎቹ ተከፍሏቸው ነው የሚደባደቡት።"

"ፊልም መሆኑን አውቃለሁ" አሉ። "ዜናውም በዚሁ ሳጥን ነው የሚመጣው።" ከዚያ ተነሡ። ዱላው ሊያርፍብኝ ነው ብዬ አንገቴን ሰበርኩ። ያረፈብኝ እጃቸው ነው፤ ትከሻዬ ላይ፣ ቀስ ብሎ። "አፍረህ ነው። የያዝከው ዕርቅ ሲፈርስ እንደዚህ ያደርጋል። እኔም የመጀመሪያው ሲፈርስብኝ 'እኔ የለሁበትም' ብዬ ክጄ፣ ሦስት ቀን ከቤት አልወጣሁም።"

"ወላሂ ውሸቴን ነው!" አልኩ፣ ክርስቲያን መሆኔን ረስቼ።

"አትማል። ጥፋቱ የእኔ ነው። ይህን የሚያህል ጉዳይ በአንድ ሹፌር እጅ መላክ አልነበረብኝም።"

ይህን ብለው ዱላቸውን አነሡ። ሰይድ ተምርና ሁለት ሃይላንድ ውኃ በፌስታል አቀበላቸው። እኔ ገና አፌን ከፍቼ ቆሜ ሳለ፣ ጋቢናዬን ከፍተው ወጥተው ተቀመጡ።

ምን ታደርጉ ነበር? መንገዱ አንድ ነው፤ ሞተሬን አስነሣሁ። የጂቡቲ ድንበር ላይ፣ ጋላፊ ኬላ ምን ብለን እንደምናልፍ ስጠይቃቸው "ለዕርቅ ነው የምንሄደው እንላለን" አሉኝ፤ ከዚያ የተሻለ ምክንያት ተናግሮ ያለፈ ሰውም አላውቅም። ሰመራን አለፍን። ሙቀቱ አስፋልቱን ያፈላዋል። ሐጂ ተምር እየበሉ ወደ እኔ ዞሩ።

"ይሄ ባለ ነጭ ጢሙ፣ በእናቱ በኩል የማን ወገን ነው?" አሉኝ።

የማላውቀው ነገር ስለሆነ፣ ነገርኳቸው።