ባለ መሃሉ ስድስተኛውን ዓመት ያወረደበት ዜና

የወረዳው ቆጠራ ክፍል በተከፈተ በዐሥረኛው ዓመት፣ ማተሚያው ወረቀት መንከስ በጀመረ በሦስተኛው፣ የኃላፊው ወንበር አንድ እግሩን አጥቶ በጡብ በተደገፈ በሁለተኛው፣ መፍቀሬ ቁጥር፣ ሥዩመ ካልኩሌተር፣ እርሳሱን ከጆሮው የማያወርደው ባለ መሃሉ የሠራው ሥራ እንዲህ ተጻፈ።

ባለ መሃሉ የተባለበትም ምክንያት ይህ ነው፤ በየዓመቱ የሁለት መቶ አንድ ቤቶች ወርሃዊ ገቢ በቅጽ ይሞላል፣ እርሱም ቅጾቹን ከድሃው እስከ ሀብታሙ በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ አሰልፎ፣ ከወዲህ መቶ ከወዲያ መቶ ትቶ፣ መሃል የቆመውን አንዱን ያነሣል፤ የዚያም ቤት ገቢ የወረዳው ገቢ ይባላል። ደምሮ ማካፈል ይሻላል ያሉትንም፣ የዳቦ ፋብሪካው ባለቤት ሰፈር ስለገቡ ብቻ ጫማ ሰፊው አልከበረም ብሎ ድል ነሥቷቸዋል።

ወእምዝ ከበላይ መሥሪያ ቤት አዋጅ ወርዶ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በአራት መርፌ ቁልፍ ተሰቀለ፤ ቃሉም እንዲህ ይላል፦ «የዐሥር ዓመት ግምታችሁን እስከ ዐርብ አቅርቡ። ከዐሥሩ በአንዱ ዓመት እንኳ መሃለኛ ገቢው ከአራት ሺህ ያለፈ ወረዳ፣ ጤና ጣቢያው መድኃኒት በግማሽ ዋጋ መስጠቱን ያቆማል።» ባለ መሃሉም ይህን ባነበበ ጊዜ ልቡ ስንጥቅ አለ፤ እናቱ የደም ግፊት ኪኒናቸውን የሚወስዱት ከዚያው ነውና።

ዘጠኙ ዓመታት እንደ ደህና አጥር ተስተካክለው ሦስት ሺህ አካባቢ ቆመዋል፤ ስድስተኛው ብቻ ጣሪያ ላይ እንደወጣ ዶሮ አራት ሺህ ሁለት መቶ ላይ ተገኘ። ምክንያቱም ሲመረመር፣ በዚያ ዓመት የተቀጠረችው ቆጣሪ በትርፍ ጊዜዋ የትዳር ደላላ ነበረችና፣ ያላገባ ልጅ ያለው ቤት ሁሉ ቅጹን እንደ ሙሽራ አስጊጦ ሞልቶት ኖሯል። ከአራት ሺህ በላይ የቆሙት መቶ ሰባት ቤቶች ነበሩ፤ ሰባቱ ቢወርዱ መሃሉም አብሮ ይወርዳል። ነገር ግን ቅጽ የሚታረመው ባለቤቱ ራሱ ደግሞ ሲፈርም ብቻ ነው።

ስለዚህ ረቡዕ ጠዋት ዘመተ። በቀኙ ሊቀ ማኅተም ጸሐፊዋ ማኅተሙን በመሀረብ ጠቅልላ፣ በግራው ዘበኛው ዝናብ በሌለበት ጃንጥላ ዘርግቶ፣ ከኋላው ሒሳብ ሹሙ ጉልበቱን እየረገመ፣ ከሁሉ ኋላ ያቺው የትዳር ደላላ የትኛው ቤት እንደዋሸ በአገጯ እየጠቆመች ተከተሉት። ፀጉር አስተካካዩ ልጁን ድሮ ድሯልና ሳያንገራግር ፈረመ፤ ባለ ወፍጮዋ ፈረመች፤ አስተማሪው፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ጡረተኛው ሾፌርም ፈረሙ። ቧንቧ ሠራተኛው ግን ልጁ ገና ያላገባ ነበረና በሩን ዘጋ።

ሰባተኛው ደጅ የገዛ እናቱ ደጅ ሆነ። በእውነት ሦስት ሺህ የሚገባበት ቤት በቅጹ ላይ ስምንት ሺህ ተብሏል፤ ባለ መሃሉም ሚስቱን ያገኘው በዚያ ስምንት ሺህ ነው። ቅጹን ያን ጊዜ ራሱ አይቶት ነበር፤ ሆኖም ለሠርጉ ሱፍ እየለካ ስለነበረ ዝም ብሎ አሰለፈው። እናቱም ደጃፋቸው ላይ ቆመው አዋጅ አስነገሩ፦ «ኪኒኑ ቢቀር ይቅር! ምራቴ እዚሁ ግቢ ናት፤ ነገ በምን ዓይኔ አያታለሁ? ያን ጊዜስ እርሳስ ጆሮህ ላይ ሰክተህ ስትዞር ማን ያይህ ነበር፣ አንተ ጉደኛ!»

ሠራዊቱ ሁሉ መሬት መሬት አየ። ባለ መሃሉም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እርሳሱን ከጆሮው አወረደ። በዚህ ጊዜ ሚስቱ ከተሰጣው አንሶላ ጀርባ እጇ አረፋ እንደለበሰ ወጥታ የራሷን አዋጅ አወጀች፦ «እማዬ፣ ይፈርሙ እንጂ! ስምንቱን ሺህማ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ነው የደረስኩበት፤ ልጅዎ ለመብራት ሲበደር። ይልቅ እዚህ ከምትገተሩ የአባቴን ቅጽ ፈልጉ። እሱን ያየ ሰው የለም እንዴ?»

ተፈለገ፤ ተገኘም። አባቷ ጡረተኛው ፖስተኛ ዐሥራ አንድ ሺህ አስሞልተዋል፤ ከዳቦ ፋብሪካው ባለቤት የሚያንሱት በሦስት መቶ ብቻ ነው። እናት ይህን በሰሙ ጊዜ ፊታቸው ፈካ፣ እስክሪብቶውንም ከጸሐፊዋ እጅ ነጥቀው ፈረሙ። ፖስተኛውም ደጃቸው ድረስ ሲመጡባቸው ፈረሙና፣ ለእናቲቱ የአክብሮት ሰላምታ ላኩ።

ሐሙስ ቅጾቹ ዳግመኛ ተሰለፉ። መቶ አንደኛው ቤት ሦስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሆነ፤ ዐርብ ግምቱ ታትሞ፣ ማተሚያውም አንድ ጥጉን ብቻ ነክሶ ለቀቀው፤ ጤና ጣቢያውም በግማሽ ዋጋው ጸና።

ሌሎች ኃያላን ሕዝባቸውን አበልጽገው ተመሰገኑ፤ ባለ መሃሉ ግን ወረዳውን በአንድ ረቡዕ አደኸየው፣ የደኸየውም ሕዝብ መረቀው። ስለዚህ ሥዩመ ካልኩሌተር፣ አውራጄ ስድስተኛ ዓመት፣ ሁለት መቶ ሃምሳን በእግሩ ዞሮ የቀነሰ ይባል፤ በስምንት ሺህ መጥታ በሦስት ሺህ የቀረችለት ሚስቱም ከእርሱ በፊት ትጠራ።