ከማንጎው ሥር የወጣው አልቦ

«ከየት ነህ?» ስትባሉ ምን ትመልሳላችሁ? ለእናንተ ቀላል ይሆናል። እኔ «አሶሳ» ስል ጠያቂው ፈገግ ይልና «እሱማ ነው፤ ከየት ነው የመጣችሁት ማለቴ ነው» ይለኛል። የተወለድኩት እዚሁ ነው። ወላጆቼን ደርግ ከወሎ አምጥቶ ያሰፈረበት መንደር ስም እንኳ የለውም፤ ቁጥር ነው ያለው። ለዘመድ ጥየቃ ወሎ ስሄድ ደግሞ ሁለት ቃል ሳልናገር «ከየት ነህ?» ይሉኛል። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ እስከ ዛሬ ተረጋግቼ የተቀመጥኩበት ወንበር የለም።

የታሪክ መምህር ነኝ። ይህን የምነግራችሁ ለጉራ አይደለም፤ የጥፋቴ መነሻ ስለሆነ ነው።

በእናቴ ግቢና በጎረቤታችን በጋሽ ሙሳ ግቢ መካከል ስምንት እርምጃ የምትሆን ሁለት ማንጎ ያለባት ቁራሽ መሬት አለች። የእናቴ ጎጆ ክረምት በመጣ ቁጥር ያፈሳል፤ እሷም ባልዲዋን ከአልጋዋ ወዲህና ወዲያ ስታዘዋውር ታድራለች። ባለ ሁለት ክፍል ቤት ልሠራላት ቆርጫለሁ። ያቺ ቁራሽ መሬት ከሌለች ደግሞ ሁለተኛው ክፍል አይገባም። የበርታ ተወላጁ ጋሽ ሙሳ ግን «እዚህ የእናቴ ጎተራ ነበረ» ይላል። ጎተራው ፈርሷል፣ ያየ ምስክር የለም። ሐሙስ መሬት ለኪዎች መጥተው ለየግቢው ካርታ ያወጣሉ ተባለ።

ሰኞ ትዕግሥቴ አለቀና ለኪዎቹን ቀድሜ አጥር ልተክል ተነሣሁ። እናንተም ብትሆኑ ታደርጉት ነበር፤ አትዋሹኝ። ከማንጎው ሥር የቋሚ ጉድጓድ ስቆፍር ዶማዬ አንድ ነገር ነካ። የበሰበሰ ጨርቅ ስገልጥ ከውስጡ የጠቆረ የእግር አልቦ ወጣ። በሎሚ ፈትጌ ሳጸዳው ብር ነው። ሥራውንም አውቀዋለሁ፤ በበዓል ቀን በመንደራችን አሮጊቶች እግር ላይ እያየሁ ነው ያደግኩት። የወሎ አንጥረኛ እጅ ነው።

በማግስቱ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ስልኬን ስጎረጉር ስለ ሀንጋሪ የጥንት መቃብሮች የሚያወራ ጽሑፍ ገጠመኝ። የዚያ አገር ሴቶች በጆሮ ግንዳቸው በኩል ጫፏ የተጠማዘዘ ትንሽ ቀለበት ያደርጉ ነበር አሉ። ሊቃውንቱም ያቺን ቀለበት ከመቃብር ባወጡ ቁጥር «እዚህ ሰፍረው የነበሩት ሀንጋሪዎች ሳይሆኑ ስላቮች የሚባሉ ሌላ ሕዝብ ናቸው» ብለው ይጽፉ ነበር። ግማሹን እንዳነበብኩ ኔትወርክ ጠፋ። ለእኔ ግማሹ በቂዬ ነበር። ጌጡ ያለበት ቦታ ባለቤቱ ነበረበት ማለት ነው፤ አልቦው የእኛ ከሆነ መሬቱም የእኛ ነው። በቃ።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ፤ እህልም አልወርድ አለኝ። አልቦውን ኪሴ ከትቼ እየዳበስኩ ነው የማስተምረው፤ የትኛውን ዘመን እንዳስተማርኩ ተማሪዎቼም እኔም አናውቅም። በቀን አሥር ጊዜ ወደ ማንጎው እየሄድኩ ስምንቱን እርምጃ እለካለሁ። ለማንም አልተነፈስኩም። ለእናቴማ ጭራሽ፤ ላስደንቃት ነዋ።

ሐሙስ ጠዋት ለኪዎቹ፣ የቀበሌው ሰውና ጎረቤቱ ሁሉ ማንጎው ሥር ተሰበሰቡ። ጋሽ ሙሳ የጎተራውን ነገር ደገመ። የቀበሌው ሰው «ማስረጃ አለህ?» ሲለው በእጁ መሬቱን ብቻ አሳየ። ያኔ እኔ ጉሮሮዬን ጠርጌ ስለ ሀንጋሪና ስለ ስላቮች ረዘም ያለ ማብራሪያ ሰጠሁና አልቦውን ከኪሴ አወጣሁ።

እናቴ ምርኩዟን ተደግፋ ጠጋ አለች። ከእጄ ተቀበለችኝና አገላብጣ አየችው።

«የእኔ ነው» አለች።

ወደ ለኪው ዞሬ ፈገግ አልኩ። እሷ ግን አልጨረሰችም።

«በመጣንበት ክረምት እህል አልቆብን አንተ በሆዴ ነበርክ። ለሙሳ እናት ይህን ሰጥቼ አንድ ቁና ማሽላ አመጣሁ። ማሽላው ሲደርስላት አልቦሽን ውሰጂ ብላ መጣች። የበላሁትን እህል ምን አድርጌ ልመልስ ብዬ እምቢ አልኳት። እሷም ያንቺ ነው፣ እኔ አላደርገውም ብላኝ አልቦውን ይዛ ሄደች።»

ጋሽ ሙሳ ዓይኑን ከአልቦው ላይ አልነቀለም።

«ወላሂ፣ እናቴ አንድ ቀን እግሩ ላይ አላደረገም» አለ፤ አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም። «ሊሞት ሲል ጠራኝ። ጎተራ ሥር የሰው አማና፣ የሰው አደራ አለ፣ ለባለቤቱ ስጥ አለኝ። ጎተራ ፈርሷል። ብዙ ቆፈርኩ፣ ቦታው ጠፋብኝ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «የት አገኘኸው?»

ሁሉም ሰው እኔን ያያል። ሦስት ቀን ሙሉ እየተመላለስኩ የረገጥኩትን ጉድጓድ በጣቴ አሳየሁ። ለኪውም «እንግዲያው ጎተራው እዚህ ነበረ» ብሎ ችካሉን አነሣና ከማንጎዎቹ ወዲህ፣ ወደ እኛ በኩል መታው፤ መሬቷ የጋሽ ሙሳ ሆነች።

አፈርኩ። ሀንጋሪ ድረስ ሄጄ ስጠይቅ አሥር እርምጃ ርቃ የተቀመጠችውን እናቴን አልጠየቅኩም። ማታ ኔትወርኩ ሲመለስ የጽሑፉን ቀሪ ግማሽ አነበብኩት። ለካ ሊቃውንቱ ኋላ ላይ ያችኑ ቀለበት በሀንጋሪዎቹም መቃብር በብዛት አግኝተው ኖሯል። ቀለበቷን ያየ ሰው ሴትየዋ ማን እንደነበረች በእሷ ብቻ ሊያውቅ አይችልም ይላል። ይህን ማክሰኞ ለታ ቢነግሩኝ ምን ነበር?

እናቴ አልቦውን ልታደርገው ብትሞክር ያበጠው እግሯ አላስገባ አላት። በሳምንቱ የጋሽ ሙሳ ልጅ ሀዋ ሱዳን ጠረፍ ወዳለችው ኩርሙክ ስትዳር እናቴ እነሱ ግቢ ሄዳ ለሙሽራዋ እግሯ ላይ አሰረችላት፤ ልክ ሆነላት። እንግዲህ ከብዙ ዘመን በኋላ አንድ እንደኔ ያለ ሰው ኩርሙክ ላይ ቆፍሮ ያገኘውና «እዚህ ወሎዬዎች ሰፍረው ነበር» ብሎ ይጽፍ ይሆናል።

ቤቱ ባለ አንድ ክፍል ሆኖ ተሠርቷል፤ አያፈስም። በማንጎ ጊዜ ጋሽ ሙሳ በዘንቢል ሞልቶ ይልክልናል። እናቴ ዘንቢሉን ባዶውን አትመልስም። እኔም ቁጭ ብዬ እበላለሁ።